መኪናው የት ያድራል? ሌክሰስና ቮልቮ በአንድ ቤተሰብ ደጃፍ

ጋሼ የደወሉልኝ በ2024 በመስቀል ማግስት ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) የእንኳን አደረሰህ ወጉን በአጭሩ ቋጩና፣ «አንተ የሂሳብ ሰው ነህ። በሁለት መኪና መካከል ቆሜ ሦስት ሳምንት እንቅልፍ አጥቻለሁ። ቁጭ ብለህ አስላና አንዱን አስጥለኝ» አሉኝ።

ጋሼ የሥጋ ዘመዴ አይደሉም። ከ19 ዓመት በፊት ቨርጂኒያ ስገባ ከደለስ አየር ማረፊያ በታክሲያቸው አሳፍረውኝ፣ ሊቀበለኝ የመጣው የአክስቴ ልጅ ኪሱን ሲዳብስ «የመጀመሪያ ቀን አላስከፍልም» ያሉ ሰው ናቸው። ታክሲውን ከተዉት ቆይተዋል፤ አሁን የካውንቲውን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዳሉ። ባለቤታቸው፣ እኔ እትዬ የምላቸው፣ የሆስፒታል ነርስ ሲሆኑ በሳምንት ሦስት ሌሊት ተረኛ ናቸው። አንዲት ልጃቸው ኮሌጅ ትማራለች። የሚኖሩት ዉድብሪጅ ውስጥ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው ከተሠሩ ባለ ሦስት ፎቅ ቤቶች በአንዱ ነው። የቤቱን ዓይነት ያነሣሁት ለወግ ያህል አይደለም፤ ኋላ ነገሩ ሁሉ የዞረው በእሱ ላይ ነው።

አንደኛው እጩ የ2023 ሌክሰስ ኢኤስ 350 ነበር። ቱርቦ የሌለው ባለ 3.5 ሊትር ስድስት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር፣ 302 የፈረስ ጉልበት፣ ባለ ስምንት ማርሽ አውቶማቲክ፣ የፊት ጎማ የሚነዳው። ከስሩ ያለው አጽም የካምሪ ዘመድ ነው፤ አገር ቤት በቶዮታ ዲኤክስ ላደገ ሰው ከዚህ የበለጠ ማረጋገጫ አያስፈልገውም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት በከተማና በአውራ ጎዳና አማካይ በአንድ ጋሎን 26 ማይል ይሄዳል ብሎ መዝግቦታል፤ የሚጠጣውም ተራውን ቤንዚን ነው።

ሁለተኛው የ2023 ቮልቮ ኤስ60 ሪቻርጅ ነው። ይህኛው በሶኬት የሚሞላ ሃይብሪድ ነው። ባለ ሁለት ሊትር ቱርቦ ሞተር የፊት ጎማዎቹን፣ 143 የፈረስ ጉልበት ያለው የኤሌክትሪክ ሞተር ደግሞ የኋላዎቹን ያዞራሉ፤ ሲደመሩ 455። ቆሞ ከተነሣ አምስት ሰከንድ ሳይሞላው በሰዓት 60 ማይል ይደርሳል። 18.8 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ አለው፤ ባትሪው ሙሉ ከሆነ ቤንዚን ሳይነካ 41 ማይል ይጓዛል ተብሎ ተመዝግቧል። ጋሼ በልጅነታቸው ያወቁት ቮልቮ በአሰብ መንገድ የሚያጓራውን የጭነት መኪና ነበር። የጭነቱና የቤት መኪናው ኩባንያዎች በ1999 እንደተለያዩ፣ የቤት መኪናውን ከ2010 ጀምሮ የቻይናው ጂሊ እንደያዘው፣ ይህ የኛው ደግሞ ደቡብ ካሮላይና ውስጥ እንደተገጣጠመ ስነግራቸው፣ «ስዊድን ስል ቻይና፣ ቻይና ስል ካሮላይና፤ ይህ መኪና ከእኔ በላይ ዞሯል» አሉ።

ሁለቱም ያገለገሉ ነበሩ። ሌክሰሱ 38,400 ዶላር፣ ቮልቮው 38,900 ዶላር ተጠየቀባቸው። ይህ መቀራረብ ራሱ አንድ ነገር ይናገራል። ቮልቮው አዲስ ሳለ ከ50 ሺህ ዶላር በላይ የሚሸጥ መኪና ነበር፤ ሌክሰሱ ከ40 ሺህ ብዙም አልራቀም። በአንድ ዓመት ተኩል ገደማ ውስጥ አንዱ ዋጋውን ሲያራግፍ ሌላው ጨብጦ ይዟል። የቮልቮው ዋጋ መውደቅ ለሁለተኛ ገዢ በረከት ይመስላል፤ እሱም በተራው ሻጭ እስኪሆን ድረስ። (በቨርጂኒያ ካውንቲው በየዓመቱ በመኪናው ዋጋ ላይ ግብር ስለሚጥል፣ ዋጋው የሚወድቅ መኪና ያለው ሰው ቢያንስ በዚያ በኩል ይጽናናል።)

የመንግሥት ማበረታቻ የለም ወይ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ጋሼም ጠይቀዋል። ያኔ ላገለገለ የኤሌክትሪክ ወይም በሶኬት የሚሞላ መኪና እስከ 4,000 ዶላር የሚደርስ የፌዴራል የግብር ቅናሽ ነበር፤ ነገር ግን ዋጋው ከ25 ሺህ ዶላር የማይበልጥ መሆን ነበረበት። አዲስ ቮልቮ በሊዝ ለሚወስድ፣ አከራዩ ኩባንያ የሚያገኘው እስከ 7,500 ዶላር የሚደርስ ቅናሽ በወርኃዊ ክፍያው ላይ ሊታሰብለት ይችል ነበር። ጋሼ የሊዝ ነገር አይሆንላቸውም። «የሰው መኪና አጥቤ አልመልስም» ብለው ዘጉት።

አንድ ሌላ ሐሳብም ነበራቸው፤ ጡረታ ሲወጡ መኪናቸውን ይዘው አዲስ አበባ መግባት። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2024 መጀመሪያ ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲከለክል ይህ ሐሳብ ከሌክሰሱ ጋር አብሮ ወደቀ። ጋሼ ይህን ለቮልቮው እንደ ነጥብ ሊቆጥሩለት ሞክረው ነበር። ቤንዚን የሚጠጣ ሞተር ያለው መኪና ግማሽ ጎኑን ብቻ አሳይቶ በጉምሩክ አያልፍም ብዬ ነጥቡን ሰረዝኩት።

ሠንጠረዡ

ሥራዬ ሂሳብ ስለሆነ መጀመሪያ ያደረግሁት ሁለት ዓምድ ማስመር ነው። በዚያ ሳምንት ሰፈራቸው ባለው ማደያ ተራው ቤንዚን በጋሎን 3.20፣ ፕሪሚየሙ 4.05 ነበር። ቮልቮው የሚመከርለት ፕሪሚየሙ ነው። በመብራት ደረሰኛቸው ላይ አንድ ኪሎዋት ሰዓት 15 ሳንቲም ያህል ይወጣል።

ሌክሰሱ 100 ማይል ሲሄድ 12 ዶላር ከ31 ሳንቲም ያስወጣል። ቮልቮው ባትሪው አልቆ በቤንዚን ሲሄድ በጋሎን 31 ማይል ይጓዛል፤ ከሌክሰሱ ይሻላል ማለት ነው። ግን የሚጠጣው ውዱን ስለሆነ ለ100 ማይል 13 ዶላር ከ6 ሳንቲም ይሆናል። ይህን ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አሰላሁት። ሶኬት ያላየ ቮልቮ በነዳጅ ወጪ ከስድስት ሲሊንደሩ ሌክሰስ ይበልጣል።

በኤሌክትሪክ ሲሄድስ? የአካባቢ ጥበቃ ድርጅቱ አንድን ጋሎን ቤንዚን ከ33.7 ኪሎዋት ሰዓት ጋር እኩል አድርጎ ያሰላል፤ ለቮልቮው የሰጠው ቁጥርም በጋሎን አቻ 74 ማይል ነው። ሲፈታ ለ100 ማይል 45.5 ኪሎዋት ሰዓት፣ በጋሼ ቤት ዋጋ 6 ዶላር ከ83 ሳንቲም ይመጣል። የሌክሰሱ ግማሽ ገደማ ነው። ጋሼ በዓመት 11,000 ማይል ይነዳሉ። ከመቶ ሰባው በኤሌክትሪክ ይሆናል ብንል፣ የዓመቱ ወጪ 957 ዶላር ነው፤ ሌክሰሱ 1,354። ልዩነቱ 397 ዶላር፣ በወር 33 ዶላር።

ጋሼ 33ቱን ዶላር ሲሰሙ ዝም አሉ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ለሰው ሁሉ ሲናገሩ የነበረው «ነዳጅ ይቆጥባል» ነው። ነዳጁ ሰበብ መሆኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ሰውየው 25 ዓመት በታክሲና በአውቶቡስ የሌላውን ሰው ፍጥነት ሲነዱ ኖረው፣ አንድ ጊዜ እንኳ የራሳቸውን ፍጥነት ሊነዱ ይፈልጋሉ። ይህ ደግሞ የሚያሳፍር ፍላጎት አይደለም፤ ሠንጠረዡ ላይ ግን ቦታ የለውም። ስለዚህ ሠንጠረዡን አጥፌ፣ «ተከራይተን እንሞክረው» አልኳቸው።

አራት ቀን

ተመሳሳዩን ቮልቮ ከግለሰብ ላይ ለአራት ቀን ተከራየን፤ ከሐሙስ ማታ እስከ ሰኞ ማታ።

የመጀመሪያውን ምሽት አልረሳውም። መኪናው ሲነሣ ድምፅ የለውም፤ ጋሼ ሁለት ጊዜ «ተነሥቷል?» ብለው ጠየቁኝ። ወደ 95 አውራ ጎዳና የሚያስገባው ጠመዝማዛ ላይ ደርሰን፣ ከኋላ ማንም እንደሌለ አይተው፣ ቤንዚን መስጫውን ረገጡት። ጀርባዬ ከወንበሩ ጋር ተጣበቀ። ኤሌክትሪኩ ሳይጠይቅ ይነሣል፤ ቱርቦው እስኪነቃ የሚጠብቅ ነገር የለም፤ ከዚያ ቤንዚኑ ከላይ ይደርብበታል። ጋሼ ሳቁ። በ19 ዓመት ውስጥ እንደዚያ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም። ወዲያው ደግሞ ልጅ የጫነ አውቶቡስ ነጂ መሆናቸው ትዝ ብሏቸው ወደ ቀኝ መሥመር ገቡ።

ዓርብ ጧት የሆነው ደግሞ በሌላ ምክንያት አስደነቀኝ። ከዉድብሪጅ ወደ ስፕሪንግፊልድ የሚሄደው መንገድ ጧት ጧት እንደ ገበያ ቀን በር ነው፤ ሰው ይቆማል፣ አንድ እርምጃ ይሄዳል፣ ይቆማል። ቮልቮው በዚህ መሐል ሞተሩን አጥፍቶ በዝምታ ይንፏቀቃል። እግርህን ስታነሣ ራሱን እየያዘ፣ በመያዙም ጥቂት ኃይል ወደ ባትሪው እየመለሰ። በዙሪያችን ያሉት መኪኖች ቆመው ቤንዚን ያቃጥላሉ። እዚህ ላይ መኪናው የተሠራበት ዓላማ ፍንትው ብሎ ይታያል፤ ለአጭር፣ ለተጨናነቀ፣ በየቀኑ ለሚደጋገም መንገድ ከዚህ የተሻለ ነገር አላየሁም። ችግሩ ይህን ለማድረግ ማታ ማታ መብላት አለበት።

መብላቱ ላይ ነው የተሸነፍነው። የጋሼ ቤት ጋራዥ የለውም። እያንዳንዱ ቤት በጋራው ሜዳ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ሁለት ሁለት የመኪና ማቆሚያ አለው። የጋሼን ከበራቸው ጀምሬ ቆጠርኩት፤ 62 እርምጃ። በመካከሉ የሣር መደብና የእግረኛ መንገድ አለ። ሐሙስ ማታ ጋሼ ለጓሮ መብራት የገዙትን ረጅም ገመድ አውጥተው፣ በእግረኛው መንገድ ላይ አሳልፈው፣ ሰው እንዳያደናቅፍ ምንጣፍ አልብሰው ሰኩት። እንዲህ ያለ ገመድ ለሰዓታት ከባድ ኃይል ሲያልፍበት ሊግል ይችላል፤ እንዳይደረግም ይመከራል። ብነግራቸውም አንድ ሌሊት ነው አሉ። ተራው የ120 ቮልት ሶኬት ያለማቋረጥ ሊሰጥ የሚገባው 12 አምፔር፣ ማለትም 1.44 ኪሎዋት ስለሆነ፣ ባዶውን ባትሪ ለመሙላት 12 ሰዓት ያህል ይወስዳል። ጋሼ አውቶቡሳቸው ጋ ለመድረስ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይወጣሉ። ጧት ሲወጡ ባትሪው ሙሉ አልነበረም። በሩ ላይ ግን ከነዋሪዎች ማኅበር አስተዳዳሪ የተላከ ማሳሰቢያ ተለጥፎ ነበር፤ ገመዱ ይነሣ፣ ምንጣፉም እንዲሁ።

እኔ ሕጉን አነበብኩላቸው። ቨርጂኒያ ከ2020 ጀምሮ የነዋሪዎች ማኅበራት፣ የተመዘገበ መተዳደሪያ ሰነዳቸው ካልፈቀደላቸው በቀር፣ አንድ ባለቤት በገዛ ይዞታው ላይ ቻርጀር እንዳይተክል በጅምላ መከልከል እንዳይችሉ አድርጋለች። ቁልፉ ቃል «በገዛ ይዞታው» የሚለው ነው። ቁጥሩ የጋሼ ቢሆንም አስፋልቱ የሁሉም ነው። አስተዳዳሪዋ በስልክ ጨዋ ነበሩ፤ ጥያቄውን ለቦርዱ አቀርባለሁ አሉ፤ ቦርዱ በየሦስት ወሩ ነው የሚሰበሰበው።

ቅዳሜ ባትሪው ባዶ ሆኖ ዋለ። መኪናው አሁንም ይሮጣል፤ ግን ያ የሐሙሱ ዝምታ የለም፤ ከ4,400 ፓውንድ በላይ የሚመዝን ባለ አራት ሲሊንደር መኪና ሆኗል። ሌክሰሱ 3,700 ፓውንድ ገደማ ነው። ትርፉ ክብደት ባትሪውና ሞተሩ ናቸው፤ ባዶ ሲሆኑም አይወርዱም።

እሑድ የቅዳሴ ቀን ነው። ጋሼና እትዬ ሁልጊዜ ሁለት የሰፈር እናቶችን ጭነው ነው ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት፤ ያን ቀን ልጃቸውም ስለመጣች እኔ በራሴ መኪና ተከተልኳቸው። የቮልቮው ባትሪ የተቀመጠው በመኪናው ወለል መሐል፣ ርዝመቱን ተከትሎ ነው። ስለዚህ የኋላ ወንበር መካከለኛው ቦታ ላይ የሚቀመጥ ሰው ኮርቻ ላይ እንደወጣ እግሩን ግራና ቀኝ ይከፍላል። ዕጣው ለልጅቷ ደረሳት። የእግር ቦታውም ከሌክሰሱ አራት ኢንች ያንሳል፤ አራት ኢንች በወረቀት ላይ ምንም አይመስልም፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ነጠላቸውን ሰብስበው ሲወርዱ ግን ከፊቱ ወንበር ላይ ተንጠልጥለው ነበር። «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ መኪናው ያምራል» አሉ። ማማሩን ብቻ ነው የተናገሩት።

ሰኞ የሻንጣ ፈተና አደረግን። ይህን ፈተና በየትኛውም የመኪና መጽሔት አታገኙትም፤ ለእኛ ግን ዋናው ነው። ከደለስ ወደ አዲስ አበባ የሚበር ሰው እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሆኑ ሁለት ሻንጣዎች ይዞ ይሄዳል፤ የሚሸኘው ደግሞ ዘመድ ነው። እትዬ ለታኅሣሥ ጉዞ ገና ከመስከረም ማዘጋጀት የጀመሯቸውን ትልልቅ ሻንጣዎች አወጣን። ከቮልቮው ኋላ ሁለቱ ገብተው ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ማታ ሌክሰሱ የሚሸጥበት ቦታ ሄደን፣ ሻጩ በግርምት እያየን፣ ሦስቱንም ከኋላ ጫንናቸው።

መካኒኩና ሆስፒታሉ

አሌክሳንድሪያ ውስጥ የሐበሻ መካኒክ አለን። ሁለቱንም መኪኖች እንዲያይልን ወሰድንለት። ሌክሰሱን ከታች አብርቶ አየና፣ «ይህን ዘይቱን እየቀየርክ ለልጅህ ታወርሳለህ» አለ። ሞተሩ ቱርቦ የለውም፤ ቤንዚኑንም በሁለት መንገድ ስለሚረጭ የቫልቮቹ ጀርባ ጥላሸት እንዳይቋጥር ይረዳዋል። ወደ ቮልቮው ሲመጣ አልዋሸንም። «መኪናው ጤነኛ ነው። እኔ ግን አልከፍተውም። ቱርቦው የኔ ነው፣ ፍሬኑ የኔ ነው፤ ከፍተኛ ቮልቴጁና ሶፍትዌሩ ግን የኩባንያው ነው። ዋስትናው ያለቀ ቀን ደንበኝነትህ ከእኔ ወደ እነሱ ይዞራል።» የቮልቮው አጠቃላይ ዋስትና አራት ዓመት ወይም 50 ሺህ ማይል፣ የባትሪው ስምንት ዓመት ወይም 100 ሺህ ማይል ነው። ሌክሰሱ ለሞተርና ለማርሹ ስድስት ዓመት ወይም 70 ሺህ ይሰጣል። ጋሼ መኪና ገዝተው ከ12 ዓመት በፊት ሸጠው አያውቁም።

እዚህ ላይ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። ጋሼ ግን የመጨረሻ ጥይት ነበራቸው። «የሷ ሆስፒታል ጋራዥ ውስጥ ቻርጀር አለ። በሳምንት ሦስት ሌሊት፣ 12 12 ሰዓት ይቆማል። ባለ 240 ቮልት ነው፤ በአምስት ሰዓት ይሞላል።»

ደነገጥኩ። እስካሁን ያሰላሁት ሁሉ በጋሼ ማይሎች ነበር። የጠየቁኝ እሳቸው ስለሆኑ የሚነዱትም እሳቸው ብቻ መስለውኝ ነበር። ለካስ አዲሱ መኪና በሳምንት ሦስት ሌሊት የሚያድረው ዉድብሪጅ ሳይሆን ሆስፒታል ነው። ይህን ሳልጠይቅ አንድ ወር ሙሉ ቁጥር ደረደርኩ።

በማግስቱ ሄጄ ጋራዡን አየሁት። ቻርጀሮቹ አራት ናቸው፤ ሦስቱ ተይዘዋል። ዋጋው በኪሎዋት ሰዓት 30 ሳንቲም ነው፤ መኪናው ሞልቶ ገመዱ ካልተነቀለ ደግሞ በየሰዓቱ ቅጣት ይቆጥራል። በ30 ሳንቲም 100 ማይል 13 ዶላር ከ65 ሳንቲም ይመጣል። በኤሌክትሪክ ሄዶ ከቤንዚን ሌክሰሱ በላይ መክፈል ማለት ነው። ቅጣቱን ላለመክፈል ደግሞ እትዬ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሕመምተኛ ትተው ወርደው መኪና ማንቀሳቀስ አለባቸው።

ይህን ይዤ እሑድ ከሰዓት ቤታቸው ሄድኩ። ቡና ተፈልቶ ነበር። ጋሼ ሁለቱን ዓምዶች ለእትዬ አስረዱ፤ ትንሽ ለቮልቮው አድልተው። እትዬ ሲኒውን እያቀበሉኝ ወረቀቱን አዩት።

«ሁለት ብቻ ናቸው እንዴ?» አሉ።

«ምኑ?»

«ዓምዱ። የሥራ ባልደረባዬ ያላት ሌክሰስ ገመድ የለውም፤ ቤንዚንም በሁለት ሳምንት አንዴ ነው የምትቀዳው። እሱ ለምን አልገባም?»

ሦስተኛው ዓምድ

ኢኤስ 300ኤች። አንድ ዓይነት አካል፣ አንድ ዓይነት የኋላ ወንበር፤ ባለ 2.5 ሊትር አራት ሲሊንደርና ራሱን በራሱ የሚሞላ ትንሽ ባትሪ። ሶኬት አይፈልግም። በጋሎን 44 ማይል፣ በተራው ቤንዚን። እዚያው ወረቀቱ ጀርባ ላይ አሰላሁት፤ ለ100 ማይል 7 ዶላር ከ27 ሳንቲም። በ11,000 ማይል 800 ዶላር። ቮልቮው በየሌሊቱ እየተሞላ እንኳ 957 ነበር። 62 እርምጃ የማይፈልግ መኪና፣ ሙሉ ሶኬት ያለውን ቮልቮ በነዳጅ ወጪ በለጠው።

አፈርኩ። ሁለት መኪና ቢጠይቁኝ ሁለት አሰላሁ። ሂሳቡ ልክ ነበር፤ አጥሩን ግን ጋሼ ናቸው ያጠሩት፤ እኔም በአጥሩ ውስጥ ተመላለስኩ። ጋሼ ያን አጥር ያጠሩት ሳያውቁ አልነበረም፤ 300ኤች መኖሩን እሳቸውም ያውቃሉ፤ ቁጥሩን ስነግራቸው «እሱ እኮ 215 ነው» አሉ ወዲያው። የፈረስ ጉልበቱን ማለታቸው ነው። ከ455 ወደ 215 መውረድ ማለት ያን የሐሙስ ምሽት ጠመዝማዛ መሸኘት ነው።

ለእሳቸውም ፍርድ ልስጥ። አንድ ሰው ጋራዥ ቢኖረው፣ የዕለት መንገዱ ከ40 ማይል ባይበልጥ፣ ኋላ ወንበሩ ላይ ሰው እምብዛም ባይቀመጥ፣ መኪናውን ዋስትናው ሳያልቅ የሚቀይር ቢሆን፣ ቮልቮውን ግዛ ለማለት አላመነታም። ደስታው እውነተኛ ነው፤ የ33 ዶላሩም ቁጠባ በላዩ ላይ ምርቃት ይሆናል። ጋሼ ከአራቱ አንዱንም አላሟሉም።

እትዬ ምንም አልጨመሩም። ሁለተኛውን ሲኒ ቀዱ። በመጨረሻ ያሉት አንድ ነገር ነው፤ «እኔ ጧት አንድ ሰዓት ላይ ከሕመምተኛ ተላቅቄ ስወጣ ገመድ አልጠቀልልም።»

የ2023 ኢኤስ 300ኤች ለማግኘት አምስት ሳምንት ፈጀ፤ እንዲህ ያለውን የያዘ ሰው በቀላሉ አይለቅም። ሜሪላንድ ውስጥ በ41,000 ዶላር ተገኘ። ከኢኤስ 350ው በ2,600 ዶላር ይወደዳል፤ በነዳጅ በዓመት 554 ዶላር ስለሚያድን ልዩነቱ ከአምስት ዓመት በታች ይመለሳል። በቨርጂኒያ 4.15 በመቶ የሽያጭ ግብር ተከፍሎበት ታርጋ ተሰቀለለት። ሦስቱ የታኅሣሥ ሻንጣዎች ገቡ፤ አራተኛው በእትዬ ጉልበት ላይ ሄደ።

ከዓመት በኋላ

ጋሼ የእያንዳንዱን ቅዳ ደረሰኝ በጓንት ማስቀመጫው ውስጥ ያጠራቅማሉ፤ የታክሲ ዘመን ልማድ ነው። በኅዳር 2025 ቁጭ ብዬ ደመርኩት። ሁለቱም እየተቀያየሩ ስለሚነዱት የሄደው 12,400 ማይል ነው፤ አማካዩ በጋሎን 42 ማይል ወጣ፤ ክረምቱ ትንሽ ጎትቶታል። ጥገና፣ ዘይትና ጎማ ማሽከርከር ብቻ። የጋሼ ቅሬታ አንድ ነው፤ ወደ 95 ሲገቡ ቤንዚን መስጫውን ሲረግጡት ሞተሩ ይጮኻል እንጂ መኪናው አይፈናጠርም። «እንደ በግ ጮኾ እንደ በሬ ይሄዳል» ይሉታል።

በ2025 በጋ ቮልቮ በአሜሪካ ከ11 ሺህ በላይ የኤሌክትሪክና በሶኬት የሚሞሉ መኪኖችን ለማረም ጥሪ አወጣ። ከአንድ የሶፍትዌር ማሻሻያ በኋላ፣ እግር ሲነሣ መኪናውን አጥብቆ በሚይዘው የአነዳድ ስልት ቁልቁለት ላይ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ፔዳል ሳይነካ የሚወርድ ሰው ፍሬን ሊያጣ ይችል ነበር። ኤስ60ም በዝርዝሩ ውስጥ ነበረበት። ጋሼ ዜናውን ላኩልኝ፤ ከስሩ «አየህ?» ብለዋል። የታረመው በሌላ ሶፍትዌር ነው፤ ጥሪ አውጥቶ የማያውቅ ኩባንያም የለም። ከሁለት ወር በፊት የዚያኑ መኪና ቪዲዮ ከልብ ምልክት ጋር የላኩልኝ እሳቸው መሆናቸውን ግን አላስታወስኳቸውም። የፌዴራሉ የግብር ቅናሾችም፣ የአዲሱም ያገለገለውም የሊዙም፣ መስከረም 30 ቀን 2025 አበቁ። ቮልቮ ኤስ60ን ደቡብ ካሮላይና ውስጥ መገጣጠሙን ቀደም ብሎ በ2024 አቁሟል።

ባለፈው ሳምንት ጋሼ እንደገና ደወሉ። የነዋሪዎች ማኅበሩ ቦርድ በስንት ስብሰባ በእንግዶች ማቆሚያ ላይ ሁለት ቻርጀር ሊተክል ወስኖ ደብዳቤ ልኳል። ዋጋው ገና አልተነገረም። ከበራቸው ስንት እርምጃ እንደሆነ ቆጥረውታል፤ 31።

«ያን ሠንጠረዥ አልጣልከውም አይደል?» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ከኋላ የእትዬ ድምፅ ተሰማኝ፤ ማን ነው እያሉ ነበር። ጋሼ «የተሳሳተ ቁጥር ነው» ብለው ዘጉት።